የመስኮቱ ክንድ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ነጩ በቀቀን ዛሬም ሦስት የልብስ መቆንጠጫ ሰረቀኝ። ሦስት! ሽቦው ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ነቀለና ወደ ጎረቤት ጣሪያ ወረወረ። ሸሚዞቼ መሬት ላይ። ለማዘጋጃ ቤት አቤት ልበል? ወፍ ይከሰሳል? በዚህ ዕድሜዬ ከወፍ ጋር ልካሰስ...

ጆስሊን ልብሱን ልታነሳልኝ መጣች። የወንድሜ የሌስተር ልጅ ናት፤ ዓይኗ እንደ በቀቀኑ ነው፣ ምንም አያመልጠውም።

«አጎቴ፣ ክንድህ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ትንኝ ነው።»

«ከገና ጀምሮ ያልበረረ ትንኝ?»

ቀላ ያለ ነው፣ ጠርዙ ያብለጨልጫል። ፎጣ ሲነካው ይደማል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይደማል። ስም አውጥቼለታለሁ፣ «ከንቲባው»። ሥራ የለውም፣ ከቦታውም አይነሳም። ጆስሊን አልሳቀችም። እዚያው ቆማ ቀጠሮ አስያዘችልኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ዶክተር ራጋቫን አጭር ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ረጅም። ደስ አለችኝ። ገላዬን ሙሉ በማጉያ መነጽር አየች። ጀርባ፣ እግር፣ የጣቶቼን መሃል ሳይቀር።

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሸንኮራ አገዳ በመኪና አመላለስኩ።»

«ባርኔጣ ታደርግ ነበር?»

«ሁልጊዜ! ፀሐይን እኔ አላውቃትም?»

«ክንድህንስ የት ታደርገው ነበር?»

የት አደርገዋለሁ? እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፣ ቀኝ ክንድ መስኮት ላይ ነው እንጂ! ነፋስ እየመታው። አባታችንም፣ ሌስተርም፣ በዚህ በባንዳበርግ መኪና የያዘ ሁሉ እንዲያ ነው የሚነዳው። ሁለቱን ክንዶቼን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ግራው የሕፃን ክንድ ይመስላል። ቀኙ የአሮጌ ቦርሳ ቆዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባርኔጣ ያደረግኩት ለመኪናው ጣሪያ ኖሯል...

ከከንቲባው ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ካንሰር ነው። እንዲህ ሲጻፍ ከበድ ይላል። ዶክተሯ ግን ባዛል ሴል የሚባለው፣ እዚህ አገር ከሁሉም የበዛው ዓይነት ነው አለችኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ወደ ሌላ ቦታ የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው። ዝም ከተባለ ግን ያለበትን እየበላ ይሰፋል። የኔው ስስ ስለሆነ በሌዘር ይቃጠላል።

«ለሁሉም አይሆንም፤ ጥልቅ ቢሆን ኖሮ በቢላዋ ነበር። ተመልሶ ሊመጣም ስለሚችል በየስድስት ወሩ አይሃለሁ» አለች።

ይሁን። አልፈራሁም። እንዲያውም እየነዳሁ አፏጨሁ፣ ክንዴን ወደ ውስጥ አድርጌ።

በዚያው ወደ ሌስተር ጎራ አልኩ። እሱም ጆሮው ጫፍ ላይ አንድ ነገር አለው። ለማንም አያሳይም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ባርኔጣውን ቤት ውስጥም አያወልቅም፤ ጆስሊን ትራሱ ላይ ደም አይታለች። የአባታችንን ጆሮ እኩሌታ በቢላዋ ሲያነሱት ሌስተር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባታችን ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚነሳው በአንድ ጎኑ ብቻ ሆነ።

«እኔ ሙሉ ጆሮዬን ይዤ ነው የምቀበረው» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል? ሰምተህበት አታውቅ!»

«መጀመሪያ አንተ ተቃጠል። ከዚያ እናያለን።»

እናያለን አለ... እምቢ አላለም። ለሱ ጆሮ የሚሻለውን ዶክተሯ ትወቅ። እኔ የምፈልገው ያን ባርኔጣ እንዲያወልቅ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ተቃጠልኩ። መርፌው ብቻ ነው የቆጠቆጠኝ። ከዚያ ጥቁር መነጽር አጠለቁልኝ፣ ጠጠ ጠጠ አለ፣ አለቀ። ሽታው ግን! የእሁድ ቋሊማ ሲያርር ቁርጥ እሱን። «ሽንኩርት አልጨመራችሁበትም?» ብዬ ነርሷን አሳቅኳት። ዶክተሯ ሳቃችን እስኪያልቅ ማሽኑን አቆመች። ተቆጣችም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ሣር ላይ ኳስ ወደምናንከባልልበት የሽማግሌዎች ክበብ ሄድኩ። ክንዴ በፋሻ ስለሆነ ኳስ አላንከባለልኩም፤ ሣሩ ዳር ተቀምጬ የሌሎቹን አጨዋወት ስሰድብ ዋልኩ። ምን ነካህ ሲሉኝ አዞ ነው አልኳቸው። አብራን የምትጫወተው ኢኒድ አመነችኝ፣ ለፖሊስ ልትደውል ስልኳን ስታወጣ ነው እጇን የያዝኩት። እውነቱንና የቋሊማውን ሽታ ስነግራቸው ሁሉም ሳቀ። ሌስተር ብቻ አልሳቀም። ባርኔጣውን ጆሮው ድረስ ጎትቶ ፋሻዬን ያያል... ያያል... ሳየው ዞር ይላል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ቁስሉ እዥ አለው። ቅባት ቀባሁ። ሌስተር ደውሎ «እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?» አለኝ። ቤቶቻችንን የሚለያያቸው ሁለት መንገድ ብቻ ነው! ምን ሊጠይቅ ፈልጎ ነው?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ቅርፊቱ ወደቀ። ከሥሩ ሮዝ መልክ ያለው አዲስ ቆዳ። ዶክተሯ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «ጥሩ» አለች።

አንድ አሮጌ ሸሚዝ አውጥቼ የግራ እጅጌውን ቆረጥኩት፣ የቀኙን ተውኩት። የመንጃ ሸሚዝ። በሌስተር በር ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ አለፍኩ፣ ጥሩንባ እየነፋሁ።

«እብድ!» ብሎ ጮኸ ከበረንዳው። ስለ ጆሮው ምንም አላልኩትም። አንድም ቃል። ለኔ ከሌዘሩ የከበደው ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 5

በቀቀኑ ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ልብስ አላሰጣሁም፣ መቆንጠጫ ብቻ ደረደርኩለት። ሰባት። ይዝናና። ከንቲባው የነበረበት ቦታ ትንሽ ነጭ ምልክት ሆኗል፣ ካላወቁት አይታይም...

ቆይ። የፊት በር እየተንኳኳ ነው። የፊት በር? እኛ ቤት ሰው በኩሽና ነው የሚገባው። በፊት በር የሚመጣ ፖሊስ ወይም ሰባኪ ነው።

በመስኮት አየሁ።

ሌስተር ነው። የእሁድ ሸሚዙን ለብሷል። ባርኔጣው በእጁ ነው። በእጁ!

«ክላሪ! ስትጽፍ አይቼሃለሁ። የቋሊማው ሽታ እውነት ነው ወይ?»

የመኪናዬን ቁልፍ የት ነው ያስቀመጥኩት?