ሽማግሌ የተላከለት አፕል

ኅዳር 10

ውሃ ዛሬም የለም። እትዬ ተናኘወርቅ ከራሳቸው በርሜል አንድ ባልዲ ሰጡኝ። አከራይ ናቸው፤ በውሃ ጉዳይ ግን እናት ናቸው። "ከነገ ወዲያ ጭነቴ ይገባል፤ የባህር ማዶ አፕል፣ መቶ ሃያ ካርቶን" አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። ግብርና ቢሮ እንደምሠራ ያውቃሉ። ሥራዬ የስንዴ ዋግ ብቻ ይመስላቸዋል። ጭነቱ ያለ እኔ ፊርማ እንደማይከፈት አልነገርኳቸውም። ለምን? ባልዲው እጄ ላይ ስለነበረ ይሆናል።

ኅዳር 12

መኪናው ገባ። እትዬ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። እኔ በነጭ ካፖርት፣ ቢላዋና ማጉያ መነጽር ይዤ ስደርስ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ዘመናይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ስንዴ አይደል የምትሠሪው?"

"ስንዴም።"

ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ከውጭ የሚገባ አፕል ከሁለት ዲግሪ በታች፣ ሳይቋረጥ ሃያ ሁለት ቀን ይቆያል። ውስጡ ያለው ትል የሚሞተው እንዲያ ነው። የእሳቸው ጭነት መርከብ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ መብራት ተቋረጠበት። ስለዚህ እንደታሸገ መድረሻው ይሂድና ባለሙያ ባለበት ከአንድ ይጀመር ተብሏል። አሰላ ውስጥ ባለሙያው እኔ ነኝ።

ሃምሳ ፍሬ ቆረጥኩ። አርባ አንደኛው ውስጥ ትሉ ተገኘ። ሮዝ፣ ወፍራም፣ ደህና አድርጎ የበላ።

"ለአንድ ትል ሃምሳ አፕል አረድሽ" አሉ።

የተቆረጠው ይቀበራል አልኳቸው።

"ሠልስትም አለው?"

ኅዳር 14

ቦታ ተገኘ። የወተት ማኅበሩ ቀዝቃዛ ክፍል። ጾም ሊገባ ስለሆነ ወተት ገዢ የለም፣ አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ብሩክ፣ የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ፣ ማሽኑን ወደ አንድ ዲግሪ አወረደው። ካርቶኖቹ መሐል ሙቀት መዝጋቢዋን አስቀመጥኩ። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ሌት ተቀን ትጽፋለች። ቀን አንድ።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሁለተኛ ቀን። 1.3።

ኅዳር 19

ስድስተኛ ቀን። እትዬ ጠዋት ጠዋት "ልጆቼ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል። አንድ ነጥብ ሁለት እላለሁ። "ተመስገን" ይላሉ። አንድ ሆቴል ለታኅሣሥ 10 የምርቃት ግብዣ ሠላሳ ካርቶን አዟል። በእኔ ቆጠራ ታኅሣሥ 5 ያልቃል። ይደርሳል። ባልዲው ዛሬ ሁለት ሆነ።

ኅዳር 25

አሥራ ሁለተኛ ቀን። ከሰዓት መዝጋቢዋን አየሁ። 6.4።

ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ እንደገና አየሁ። 6.4። ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል።

"እትዬ ናቸው" አለ ብሩክ። መሬት መሬት እያየ። "የሆቴሉን ሰውዬ ሊያሳዩት አመጡት። ንብረቴን ላሳይ ሲሉኝ ምን ልበል? ቁልፉን ሰጥቼ ምሳ ሄድኩ።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ?"

"በሩ ከኋላ ሲዘጋ ያስፈራል ብለው በርጩማ አስደግፈውበት ነበር። ሰውዬው ቶሎ ወጣ አሉ። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ካርቶን ከፍተው... እንደው ሲያዩዋቸው..."

እንደው ሲያዩዋቸው።

ማታ መዝገቡ ፊት ለፊቴ። የኅዳር 25 መስመር ባዶ ነው። ቢሮው የሚያየው መዝገቡን ብቻ ነው፤ መዝጋቢዋን ያየነው እኔና ብሩክ ነን። 1.4 ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? ትሉ።

6.4 ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 26

ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ሃያ ሁለት ቀን፣ እስከ ታኅሣሥ 17። ምርቃቱ ያመልጣል። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"ዘመናይ፣ ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ። እስከ ወር መጨረሻ" አሉ።

ልጃቸው አዳማ የራሱን ቤት ሠርቶ ሦስት ዓመቱ ነው። የወሩ መጨረሻ ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ። አሰላ ውስጥ በአራት ቀን፣ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት፣ ማን ቤት ያከራያል?

ኅዳር 27

ውሃ የለም። ባልዲም የለም።

ኅዳር 28

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። አንዱ ጋሽ ገብረ መድህን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። ሌላው ኦቦ ገረሱ፣ የዲክሲስ ገበሬ፤ የሚያሸንፉት ክርክር ውስጥ ብቻ ስለሚገቡ የተከበሩ ናቸው። በአጥር በኩል ጎረቤቴ ፈይሩዛ ዓይኗ ሲፈጥ አየሁ። ያላገባች ሴት ቤት ሽማግሌ ገባ... ልብስ ማስጣቷን ትታ ቀረች።

"ይቀመጡ" አልኩ።

"እሺ ሳትዪን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ገብረ መድህን።

"ስለ ምኑ?"

"ስለ አፕሉ።"

እትዬ ናቸው የላኳቸው። ወረቀት ላይ የተጻፈን ዲግሪ በሽምግልና ለማስቀነስ። ጋሽ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አሥራ ሁለቱ ቀን ይቆጠርላት። አሥሩን ትጨርስ። ጨዋ መሐል ላይ ይገናኛል።"

"ጋሼ፣ ከተቋረጠ ከአንድ ነው የሚጀመረው።"

"እስቲ ንገሪኝ። በሁዳዴ አንድ ቀን የገደፈ ሰው ሃምሳ አራቱ ይሰረዝበታል?"

"እሱ ይጾማል፣ ጋሼ። ትሉ ግን አይጾምም፣ ይተኛል። ሲሞቀው ይነሳል። የተነሳ ትል የትናንትናውን ብርድ አይቆጥረውም።"

"ስለ እግዜር ብለሽ እሺ በይ። ጉልበቴም ደከመ።"

"ይቀመጡ እኮ አልኩ።"

"እሺ በይ እንቀመጣለን።"

እንዲህ እያልን ግማሽ ሰዓት ቆምን። እኔም በአክብሮት ቆሜያለሁ።  ከዚያ ኦቦ ገረሱ ቀስ ብለው፣

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ይሄ ትል ሲነሳ ወዴት ይሄዳል?"

"ቢራቢሮ ይሆንና ይበራል፣ ኦቦ። አፕል ዛፍ እስኪያገኝ።"

"ዲክሲስ ይደርሳል?"

"አፕሉ ዲክሲስ ገበያ ከተሸጠ እሱም በካርቶን ይሳፈራል።"

ትሉን አልኮል ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አውጥቼ አሳየኋቸው። በብርሃን ላይ አዙረው አዙረው አዩት። ዲክሲስ ሰማንያ የአፕል ዛፍ እንዳላቸው ያኔ ነው ያወቅኩት። ዘንድሮ ገና የመጀመሪያ ፍሬያቸውን ሊያነሱ ነው።

ወንበር ሳቡና ቁጭ አሉ።

"ገረሱ!" አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። "እሺ አላለችም እኮ።"

"እኔ እሺ ብያለሁ" አሉ ኦቦ ገረሱ። "ከአንድ ይቆጠር። ቁልፉንም እኔ እይዘዋለሁ። ልጄ ቤት እዚሁ አሰላ እሰነብታለሁ።"

ጋሽ ገብረ መድህን ብቻቸውን ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ።

ኅዳር 29

እናቴ ከጎበሳ ደወለች። ፈይሩዛ ለእህቷ፣ እህቷ ለገበያው ሁሉ...

"ሽማግሌ መጣ አሉ። የማን ልጅ ነው?"

"ለአፕል ነው የመጡት፣ እማዬ። የጋብቻ ጉዳይ አይደለም።"

"ታዲያ እሺ አልሽ?"

"አላልኩም።"

"አንቺ መቼ እሺ ብለሽ ታውቂያለሽ" ብላ ዘጋችው።

ኅዳር 30

የወሩ መጨረሻ። ዕቃዬን ግማሹን ጠቅልያለሁ። ማታ እትዬ በሩ ላይ ቆሙ። ኦቦ ገረሱ መልስ ይዘውላቸው ሄደው ነበር አሉ። የሄደው ሽምግልና ተመልሶ እሳቸውን ሸምግሏል።

"ልጄ ለጊዜው አይመጣም" አሉ። እኔም የጠቀለልኩትን ፈታሁ።

ታኅሣሥ 3

ስምንተኛ ቀን። 1.1። እትዬ አፕላቸውን ሊያዩ ሄደው ተመለሱ። ኦቦ ገረሱ በሩ ፊት፣ በዚያችው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። "ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል" ብለው መለሷቸው አለ ብሩክ።

ታኅሣሥ 10

ምርቃቱ ዛሬ ነበር። "ሙዝ አቀረቡ አሉ" አሉኝ እትዬ። "ለምርቃት። ሙዝ።" ቅር ብሎኝ ዋልኩ። ትሉም ሕጉም ልክ ናቸው፣ የእሳቸው ሠላሳ ካርቶን ግን ቀልድ አልነበረም።

ታኅሣሥ 18

ሃያ ሁለቱ ትናንት ሞላ። ኦቦ ገረሱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በሁለት እጅ ሰጡኝ። ሃምሳ ፍሬ ለመቁረጥ ቢላዋ ሳወጣ እትዬ የራሳቸውን ቢላዋ ከነጠላቸው ሥር አወጡ። "ሃያ አምስቱን እኔ" አሉ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቀጭን ይቆርጣሉ።

ትሉን ያገኙት እሳቸው ናቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው በክብሪት እንጨት ነካ ነካ አደረጉት። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነኩት።

"ሞቷል" አሉ።

"ሠልስት አለው?" አልኩ።

ሳቁ። ከኅዳር 25 ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ። ፈረምኩ። ለገና አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል፤ ለበዓሉ ይሸጣል። ኦቦ ገረሱ በመጨረሻ አንድ አፕል ቀምሰው "የእኔ ይበልጣል" ብለው ወደ ዲክሲስ ሄዱ።

ታኅሣሥ 24

ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ከሻንጣዋ ጋር ቆማለች። ሃኒ ናት፣ የእትዬ ታናሽ እህት፤ ከዱባይ ዛሬ መግባቷ ነው። በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ የሎሚ ችግኝ፣ አፈሩም አብሮ። እትዬ ከውስጥ በሩን በትከሻቸው ይዘዋል።

"ወረቀቱስ?"

"የምን ወረቀት? እህትሽ እኮ ነኝ።"

"አንቺ ግቢ። ሎሚሽ እዚያው ይቁም።"

"ለአንቺ ብዬ ያመጣሁት!"

"ካስቸገረሽ ሽማግሌ ላኪ" አሉ እትዬ። "ገረሱን ግን እንዳትልኪ። እሱ ይቀመጣል።"

ከዚያ እኔን አዩኝና በሩን ለአንድ ሰው ያህል ከፈት አደረጉ። "ግቢ አንቺ። ውሃሽ ተቀድቷል።"