በርገር ብቻ የሚወርድላቸው አባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 1፡30

ገንፎው ዛሬም ተመለሰ። አባ ሁለት ማንኪያ ቀመሱ፣ ከዚያ ሳህኑን ቀስ አድርገው ገፉት። እኔን ላለማስቀየም ነው ቀስ ማለታቸው። የባለቤቴ የገመቹ አባት ከካቺሲ ከመጡ ወዲህ ሱሪያቸው በቀበቶ አልይዝ ብሎ በገመድ ነው የሚታጠቁት። ሚስታቸው፣ አማቴ፣ ካረፉ ጀምሮ ሰውየው ዓይኔ እያየ እያለቁ ነው። ገመቹ ጊንጪ ሥራ ውሎ ማታ ይገባል፣ ያያቸውና ይተኛል። መ/ቤት ረፈደብኝ። ነገ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ግፊታቸው ከፍ ብሏል፣ ክብደታቸው ወርዷል። ሐኪሟ ጨው ቀንሺ አለችኝ፣ ቅባት ቀንሺ አለችኝ፣ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ በደንብ አብያቸው አለችኝ። ጨው ያለውን ያልበላ ሰው ጨው የሌለውን እንዴት ይበላል? መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ስንወጣ ዝናብ ያዘን። ለመጠለል ብለን ተማሪዎች የሚያዘወትሩት አንድ በርገር ቤት ገባን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩምና ራበኝ። ለራሴ በርገር፣ ለአባ ሻይ አዘዝኩ። ሲመጣ ምንድነው አሉኝ። ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ሰጠኋቸው፣ እኔም ግማሼን ያዝኩ።

ጨረሱት! ሌላ አዘዝን፣ እሱንም ተካፈልን። ማዮኔዙ ጢማቸው ላይ ቀርቷል፣ ግድ አልሰጣቸውም። ስለ ከብቶቻቸው ያወሩኛል።

ማስታወሻዬ፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ሐኪሟ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ «ጨው» በቀይ ተሰምሮበታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አባ በርገሩን «ዳቦ ፎኒ» ነው የሚሉት፤ የሥጋ ዳቦ። ጠዋት ያ ዳቦ ፎኒ የለም ወይ አሉኝ። አፍ አውጥተው ምግብ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። ለገመቹ ስነግረው ሳቀ። እህቱ ጫልቱ ግን አልሳቀችም። ጌዶ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። በስልክ ወረደችብኝ። ነጭ ዳቦ፣ ቅባታም ሥጋ፣ ቺዝ፣ ማዮኔዝ፣ ጎኑ ላይ የተጠበሰ ድንች፣ ሁሉም ላይ ጨው። ግፊት ላለበት ሽማግሌ! ካማራቸው ቤት ሥሪላቸው አለች።

ልክ ናት። ቀላል ነገር ነው። ለእኔ ለምን አልመጣልኝም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቀላል አይደለም። ቀይ ሥጋ አስፈጨሁ፣ ጮማው እንዳይገባ ቆሜ ጠበቅኩ። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንድ እንቁላል። ጨው የለም። ምጣዱን ዘይት ቀባ አደረግኩት እንጂ አላፈሰስኩም። የስንዴ ዳቦ ከነገለፈቱ። ሰላጣ፣ ቲማቲም። ከበርገር ቤቱ የእኔ ያምራል።

አቀረብኩላቸው። እንደ ሁልጊዜው ውሃውን ይዤ ጎን ቆምኩ። አንድ ጊዜ ገመጡ። ረጅም አላመጡ። ሥጋው ጥሩ ነው አሉና አስቀመጡት።

የተረፈውን ማድ ቤት ገብቼ በላሁት። ድርቆሽ። እሳቸው ቢተዉት አይፈረድባቸውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እንግዲያው ጨው ነው ያጣው ብዬ ዛሬ ለቀቅኩት። ጨው ጨመርኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ፣ በዘይት አጥለቅልቄ ጠበስኩ፣ ላዩ ላይ ቺዝ። ግማሹን በሉ! በደስታ ለጫልቱ ደወልኩ። ምን ምን ገባበት አለች። ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ታዲያ ከበርገር ቤቱ በምን ተሻለ? ቤት ውስጥ ስለተነሰነሰ ጨው ጨውነቱን ይተዋል?»

አፈርኩ። እኔ «የቤት» የሚለውን ቃል እንደ መድኃኒት ይዤው ነበር ለካ። ጤናማው አይበላም፤ የሚበላው ጤናማ አይደለም። የትኛው ነው ቀድሞ የሚጎዳቸው፣ ረሃቡ ወይስ ጨዉ? ጫልቱም አታውቅም። ሁለቱም አለችኝ። ተናደድኩባት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ይኼን ስጽፍ ራሴም አላምንም።

ከሥራ ስወጣ በርገር ቤቱ ሄድኩ። ወጥ ቤቷን ሥጋው ውስጥ ምን እንደምትጨምር ጠየቅኳት። አልደበቀችኝም። ከሥጋው ጋር ጮማ ታስፈጫለች፣ እንዳይደርቅ። ጨው ሥጋው ላይም ድንቹም ላይ አለ። ዳቦውን ቅቤ ታስነካዋለች። እንግዲህ ምሥጢሩ ይኼ ነው ብዬ አንዱን አስጠቅልዬ፣ ሳይቀዘቅዝ በባጃጅ ቤት ደረስኩ። ያንኑ በርገር። ከዚያው ቤት። ያችው ሴት የሠራችው።

ሁለት ጊዜ ገምጠው ተዉት።

ጨው አይደለም ማለት ነው? ጮማም አይደለም? ምንድነው ታዲያ? ሆዳቸው ውስጥ ክፉ ነገር ይኖር ይሆን? ገመቹ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ አዲስ አበባ ወስደን እናስመርምራቸው አለ። ራሴን አመመኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጠየቅኳቸው። እስከ ዛሬ ጉዳዩን የምጠይቀው ሐኪሟን፣ ጫልቱን፣ ወጥ ቤቷን ነበር። የነገሩን ባለቤት፣ እሳቸውን፣ አልጠየቅኩም።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነው። አባ፣ በርገር ቤት የበሉትን እዚህ ለምን እንቢ አሉ አልኳቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም አድርገው መለሱልኝ፦

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ አብረሽኝ በላሽ። እዚህ ቆመሽ ታዪኛለሽ። ከሟቿ ሚስቴ ጋር ከአንድ ገበታ ነበር የምንበላው። ሰው አፍ አፌን ሲያየኝ አይወርድልኝም።»

ሙሽራ ሆኜ ስገባ እኮ የነገሩኝ ሌላ ነው! ምራት አማቷ ፊት አታላምጥም ብለው የመከሩኝ ሟቿ አማቴ ራሳቸው ናቸው። ካገባሁ ጀምሮ ጠብቄዋለሁ፣ አክብሮት ነው ብዬ። በርገር ቤቱ ውስጥ ርቦኝ ነው የረሳሁት። አክብሮቴ ነው ያስራባቸው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ከአባ ጋር አብሬ ልብላ ስለው ገመቹን አልተመቸውም። የካቺሲ ዘመድ ቢያይ ምን ይላል አለ። አንተ ለምን አብረሃቸው አትበላም አልኩት። ዘግይቼ እገባለሁ አለ። እንዳትዘገይ አልኩት። ተኳረፍን።

ምሳ ላይ ቀይ ሥጋውን በነጭ ሽንኩርትና በጥቁር አዝሙድ አሽቼ ጠበስኩት፤ ጨው ቆንጠር ብቻ። ለሁለታችን አንድ ሳህን አቀረብኩ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሐፍረት ገደለኝ፤ ስጎርስ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እሳቸውም ሌላ ቦታ አዩልኝ። ድርሻቸውን ጨረሱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከሰዓት

ሐኪም ቤት ነበርን። ክብደት ትንሽ ጨምሯል። ግፊቱ አልወረደም፣ አልወጣምም። ሐኪሟ ምን ለወጣችሁ አለች። ጨው ቀነስኩ አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን እውነቱ እሱ ነው? ጨዉ ይሁን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይሁን፣ የእኔ መቀመጥ ይሁን፣ ለይቼ ልነግራት አልቻልኩም። ቀጥሉበት አለችኝ። በየትኛው ልቀጥል?

በሁሉም። ወስኛለሁ። በርገር ቤቱ አልፎ አልፎ፣ ያለ ድንቹና ያለ ማዮኔዙ። በቀረው ቀን ቤት፣ አብረን። ዘመድ ሲመጣስ? አላውቅም። በቅርቡ ጾም ሲገባ እኔ ሥጋውን አልነካም፤ ያኔስ? የምስር ዳቦ ፎኒ ይኖራል? ለጫልቱ ልደውል... ቆይ፣ አባ እየጠሩኝ ነው። እጃቸውን ታጥበዋል። ካልተቀመጥኩ አይጀምሩም።