የእትዬ ጥሩነሽ ዱቄት

ለውዱ ባለቤቴ ለሰይድ፣

አሰላሙ አለይኩም ሰይዴ። አላህ ቀብርህን ያብራልህ። ከተለየኸን አንድ ረመዳን አልፎ ሌላው እየመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም፤ ለሞተ ሰው ዱዓ እንጂ ደብዳቤ ምን ያደርግለታል ብዬ። አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም። ጠባዬን ታውቀው የለ፣ ያልገባኝ ነገር ካለ እህል ውሃም አይወርድልኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በራችን ላይ ያለው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ልጃችን ከወልድያ እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ ያንተ ወንበር ላይ እንዳልቀመጥ ትቆጣኛለች፣ ራሷ ግን ትቀመጥበታለች። እኔም ዒዳዬን፣ የሐዘን ጊዜዬን፣ እንደጨረስኩ ወፍጮ ቤትህን መልሼ ከፈትኩት። ሴት ወፍጮ ቤት ልታስተዳድር ነው ብለው የሳቁ ነበሩ፤ ይሳቁ። ፈጪያችን አሊ ዛሬም አለ፣ እኔ ሚዛኑ ጋ እቀመጣለሁ። መብራት እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል።

ሚዛኑ ጋ መቀመጥ ስንት ነገር ያሳያል መሰለህ! ቤት ለቤት ሳልዞር የሰፈሩን ጓዳ አወቅሁት። ንጹህ ጤፍ ያስፈጭ የነበረ ቤት ጤፉን በማሽላ ይደባልቃል፤ ቀጥሎ ማሽላ ብቻ ይሆናል፤ በአህያ ይመጣ የነበረው ጆንያ በጀርባ ይመጣል፤ በመጨረሻ ነጠላ የተሸፈነች ሳፋ ትሆናለች። አፋቸው ግን አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። አንተ ያን ሁሉ ዓመት ይህን እያየህ ቤት ስትገባ አንዲት ቃል ተንፍሰህ አታውቅም።

አንድ ጁምዓ ሸሃችን በኹጥባቸው ስለ ሀብታም ግዴታ አስተማሩ። ቤቴ ሆኜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። በባለጸጋ ሀብት ውስጥ የድሃ ሐቅ አለ፣ የሚለምነውም የማይለምነውም ድርሻ አላቸው፣ የሰጠ ሰው የእነሱኑ ነው የመለሰላቸው አሉ። ልቤን ነካኝ። በመስጊዱም በእድራችን በቅሬውም አስነገርኩ፤ ጁምዓ ጁምዓ ለችግረኛ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል፣ በነጻ ይፈጫል ብዬ። ምርቃቱ ዘነበልኝ! ኮራም ብዬ ነበር፣ ምን ልደብቅህ።

ጁምዓው ደረሰ። እኔና አሊ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ጠበቅን። ማን መጣ ብትል ያ ባለ ፎቁ ነጋዴ፣ ባጃጅ ሙሉ ስንዴ አስጭኖ! ወላሂ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከእሱ በቀር ዝር ያለ ሰው የለም። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ይባስ ብሎ እነዚያ ባለ ሳፋዎቹ በሌላውም ቀን መምጣት ቀነሱ።

እትዬ ጥሩነሽማ ጭራሽ ቀሩ። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ መካኒኩ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ጧሪ የሌላቸው፣ የማንንም ደጅ ጠንተው የማያውቁት እትዬ ጥሩነሽ። ከአጥሩ ወዲያ በሙቀጫ ሲወቅጡ እሰማለሁ። በዚያ በደከመ ክንዳቸው ማሽላ ይወቅጣሉ እንጂ በድሆች ቀን ወፍጮ ቤቴን አይረግጡም። ዱቄት ብልክላቸው እኔ ቤት ሞልቷል ብለው በፈገግታ መለሱት። ሴትዮዋ አጥሬ ሥር በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው፣ እኔ ደግሞ የምሰጥበት መንገድ ጠፋኝ።

ሸሃችን ዘንድ ሄድኩ። የሚለምነውስ እጁን ይዘረጋል፣ የማይለምነውን እንዴት አድርጌ ልስጠው አልኳቸው። ሰደቃ በመመጻደቅና ሰውን በማሳፈር እንደሚበላሽ ነገሩኝ። እንዴት እንደሚሰጥ ግን ባልሽን ነበር መጠየቅ አሉኝ። አንተን! ሰይድ አሸዋን!

ታስታውሳለህ አይደል፣ ገበያው ሁሉ ሰይድ አሸዋ ሲልህ? ስሙን ያወጡልህ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። በመጡ ቁጥር እህላቸውን ታበላሽባቸዋለህ። የወፍጮው ድንጋይ ገና ተወቅሮ መሻከሩ ነው፣ ዱቄቱ ውስጥ አሸዋ ገባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ትልና፣ ያቺን የማሽላ ዱቄት አስቀርተህ በምትኳ ሳፋውን ከእኛ የጤፍ ዱቄት ሞልተህ ትሰጣቸዋለህ። እሳቸውም ሰው ፊት ልክ ልክህን ይነግሩሃል፣ እህል ነው አሸዋ የምትፈጨው እያሉ። አንተ አንገትህን ደፍተህ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ትላለህ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰው እህል የሚያበላሽ ባል ይዤ በምን ዓይኔ ገበያ ልውጣ ብዬ ስንቴ አኩርፌሃለሁ።

ከሸሃችን ቤት እንደተመለስኩ አሊን ያዝኩት። ድንጋዩ ሲወቀር የሰው እህል ይበላሽ ነበር ወይ አልኩት። አሊ ግራ ገባው። ድንጋይ በተወቀረ ቀን መጀመሪያ የሚገባው የራሳችን ፉርሽካ ነው፣ የማንንም እህል አሸዋ ነክቶት አያውቅም አለኝ። ጆንያ እያሰረ ግን፣ የእትዬ ጥሩነሽ ሳፋ ሲመጣ ጋሼ ሰይድ ራሴ ካልፈጨሁት ብሎ ከእጄ ይቀበለኝ ነበር አለ።

ያኔ ጥርሴ ትዝ አለኝ። የተበላሸውን ዱቄት ቤት አምጥተህ ቂጣ ጋግሪው ትለኝ የለ? አሸዋው አሁን ተንኮሻኮሸ፣ አሁን ተንኮሻኮሸ እያልኩ በፍርሃት ነበር የማላምጠው። አንድም ቀን ጥርሴን ነክቶኝ አያውቅም። አንተ ደግሞ ከጎኔ ኮስተር ብለህ ትበላለህ። አይ አንተ! ጤፉንስ ጤፍ ነው፣ ማንም ይሰጠዋል። ለካ አንተ መልካም ስምህን ነው የሰጠሃቸው። እኔ ደግሞ ነጻ ወፍጮ ብዬ አስነግሬ ምርቃት ለቀምኩ።

የጁምዓውን ነገር እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አጥሩ ጋ ቆሜ እትዬ ጥሩነሽን ተጣራሁ። ድንጋዩ ተወቅሯል፣ የአንቱን ያህል ዱቄት የሚያውቅ የለም፣ ትንሽ ማሽላ ይዘው መጥተው ይሞክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለመንኳቸው ነው የምልህ። መጡልኝ። በገዛ እጄ ፈጨሁና፣ ወይኔ እትዬ፣ አበላሸሁብዎት አልኩ። እኔ እንደ አንተ ውሸት አይሆንልኝም፣ ላብ በላብ ሆንኩ። እሳቸው ዱቄቱን በጣታቸው እሽት አድርገው ቀመሱ። ከዚያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮሁብኝ! ባልና ሚስት ተማክራችሁ ነው እኔን የምትጨርሱኝ አሉ። አሸዋ የሌለበትን ዱቄት ቀምሰው እኮ ነው!

በምትኩ የሞላሁላቸውን የጤፍ ዱቄት ተቀብለው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጠጋ ብለውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፋጤ፣ ይህን ወፍጮ አደራ እንዳታስጠግኚው አሉኝ።

እና ሰይዴ፣ የከነከነኝ ይህ ነው። ያውቁ ነበር ማለት ነው? ከመቼ ጀምሮ? አንተስ እንደሚያውቁ ታውቅ ነበር? አንተ የእሳቸውን ማጣት ስትደብቅ፣ እሳቸው በጩኸታቸው ያንተን መስጠት እየደበቁልህ ነበር ይሆን? ወይ ጉድ፣ እኔ መሃላችሁ ተቀምጬ ስናደድ ኖርኩ። እሳቸውን እንዳልጠይቃቸው ነገሩ ይበላሻል። አንተን ልጠይቅህ ብል የት ላግኝህ? ኢንሻአላህ በአኺራ ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ ይህን ነው፣ መልስህን አዘጋጅ።

ሙቀጫው ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ባለ ሳፋዎቹም አንድ አንድ እያሉ መመለስ ጀምረዋል። ለሁሉም አሸዋ ገባ አይባልም፤ ለእነሱ ምን ትላቸው እንደነበር ገና እያጠያየቅሁ ነው።

ትናንት ገበያ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። የሰይድ አሸዋ ወፍጮ ዛሬም አልተሻለውም፣ ሚስቱም ያው አሸዋ ናት ይላሉ። ዞር አላልኩም። ሽንኩርቴን ገዝቼ እየሳቅሁ ወደ ቤቴ መጣሁ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም፤ ወፍጮውንም አላስጠግነውም።

ያንተዋ፣
ፋጤ አሸዋ
ከመርሳ