ሞጣ ላይ ይሠራል፣ ቢቸና ላይ እምቢ

ሰኞ የካቲት 2፣ ቢቸና፣ ከሰዓት

ደግሞ ጠፋ! ማስታወሻዬ፣ ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። ከክፍል ወጥቼ መምህራን ማረፊያ ገባሁ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ዋይፋይ የለም። የሁሉም ሰው ስልክ ያገኘዋል። የእኔ ላፕቶፕ ጭራሽ አይፈልግም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ወይ ፍንክች።

አርብ ቃለ መጠይቅ አለኝ። በቪዲዮ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ! ስንት ጊዜ አመልክቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደረስኩ። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ካሜራ የላቸውም፤ ስልኬም ተራ ባለ ቁልፍ ናት። የላፕቶፔ የኬብል መሰኪያ ደግሞ ስገዛውም ተሰብሮ ነበር፤ አሮጌ ዕቃ። ያለ ዋይፋይ አለቀልኝ።

የፊዚክሱ መ/ር ይሁኔ ሳቀብኝ። ሊኑክስሽን ጥለሽ እንደ ሰው ዊንዶውስ ጫኚ አለ። አልጭንም! የአይሲቲ መምህርት ነኝ፤ ተማሪዎቼ ፊት ሊኑክስን ስንት አወድሼዋለሁ።

ማክሰኞ የካቲት 3

የዋይፋይ ካርዱን ድራይቨር፣ ማለትም የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ በፍላሽ አምጥቼ እንደገና ጫንኩ። እምቢ። ከዚያ ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ ስጽፍ ላፕቶፑ አንድ ነገር ነገረኝ፦ ካርዱ በሃርድዌር ተዘግቷል። በሶፍትዌር አይደለም፣ በሃርድዌር! በቃ፣ ካርዱ ሞቷል።

አከራዬ እትዬ ይፍቱ ፊቴን አይተው ደነገጡ። አቧራና ብርድ ነው የመታው አሉ፣ እርግጠኛ ሆነው። ቴሌቪዥናቸውም ሬዲዮናቸውም የዳንቴል ልብስ አላቸው፤ የእኔ ላፕቶፕ ራቁቱን መቀመጡ አላስቻላቸውም። ባለፈው ሳምንት ነጭ ዳንቴል ሠሩለት፣ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው፣ ልክክ የሚል። ከዚያ ወዲህ ሳላለብሰው አልወጣም፤ ዛሬ ደግሞ ራሳቸው አለበሱት። አንጀቴን በሉት።

ነገ ላፕቶፑን ለማስጠገን ሞጣ እሄዳለሁ። ር/መምህሩ ፈቅደውልኛል።

ረቡዕ የካቲት 4፣ ሞጣ

ሠራ!!! ሠራ! ጠጋኙ ሰይድ ዳንቴሉን አይቶ ሳቀ፣ አወለቀው፣ ላፕቶፑን ፈታታው። ካርዱን ነቅሎ አጸዳ፣ መልሶ ሰካ፣ ገጠመና ዳር ዳሩን በብሩሽ ጠረገ። አበራን። ዋይፋይ እንደ ጉድ! ሱቁ ውስጥ ጮህኩ፤ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰይድን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ላፕቶፑን ቀስ ብዬ ዳንቴሉን አለበስኩት፣ እንደ አራስ ልጅ። ሚኒባስ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

በዚያው ዕለት፣ ቢቸና፣ 11 ሰዓት

በቀጥታ ት/ቤት ሄድኩ። ከፈትኩ። የለም። ሞጣ ላይ ይሠራል፣ ቢቸና ላይ እምቢ! አለቀስኩ። መ/ር ይሁኔ እንኳ አልሳቀም፤ መንገዱ አንገጫግጮት ይሆናል አለ።

ሐሙስ የካቲት 5፣ ዕረፍት ሰዓት

ሰይድ ጋ ደወልኩ። ምንድን ነው ያደረግከው? አንድ በአንድ ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። መጨረሻ ላይ፦ «ከኔ እጅማ ደህና ነው የወጣ። መልሰሽ ያለበስሽው አንቺ ነሽ።»

ስልኩን ዘጋሁና ዳንቴሉን አወለቅኩ። ላፕቶፑን ገልብጬ አየሁት። ፊት ለፊት ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ተንሸራታች ቁልፍ! ምልክቷ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ጌጥ ነበር የምትመስለኝ። ገፋኋት። የዋይፋዩ መብራት ቦግ! ዳንቴሉን አለበስኩ፤ ላስቲኩ ቁልፏን ይዟት ሄደ። መብራቱ ድርግም። ሞጣ ላይ የመለሳት የሰይድ ብሩሽ ነበር! ካርዱ ምንም አልሆነም። «በሃርድዌር ተዘግቷል» ማለት ቁልፉን ሰው ዘግቶታል ማለት ነው። እኔ ዘጊዋ! በታመመ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አለብሰዋለሁ።

ማረፊያው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ለእትዬ ይፍቱ ምን ልበል?

አርብ የካቲት 6፣ ጠዋት

ማታ ነገርኳቸው። ዳንቴሉን ይዘው ገቡ። አስቀየምኳቸው ብዬ ልቤ ተሰበረ። ጠዋት በሬን አንኳኩ። ቁልፏ ያለችበት ጋ ፈትተው መስኮት አውጥተውለታል፣ ዙሪያውን በቀይ ክር ከምክመው! አለበሱት። መብራቷ በመስኮቱ ቦግ እንዳለች ቀረች።

እና ካለፍሽ ትሄጃለሽ? አሉኝ። እሄዳለሁ አልኩ። እንግዲያው ሌላ ተከራይ ልፈልግ ነዋ አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ልቀፍዎት ብዬ አቀፍኳቸው። እኔም አለቀስኩ።

አርብ፣ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል

ቤተ ሙከራ። ዋይፋዩ ሙሉ ነው። እትዬ ይፍቱ ይቅሩ ብላቸው እምቢ ብለው መጥተዋል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ጋ ተቀምጠዋል፣ ማንም እንዳይገባ። ልቤ ሊወጣ ነው! ስለፈታሁት ከባድ ችግር ከጠየቁኝ ወስኛለሁ፤ ዳንቴሉን ካሜራው ፊት አነሳለሁ፣ የሠሩትን እትዬ ይፍቱንም ጠርቼ አሳያ—

ላፕቶፑ እየጠራ ነው!