ቅቤ የጠገበው ባትሪ

መስከረም 3፣ ፎገራ

የግራ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መቅረቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ቀኙ በሕይወት አለ።

ጫማዬን ያስበላኝ ልጠግነው የሮጥኩለት የአያ ፈንቴ ጀልባ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ «ቀጭ» ይልና ዝም። ውሃው መንደራችንን ከአስፋልቱ ስለቆረጠው ልጃቸው ትርንጎ ያለ ጀልባ ወረታ አትደርስም፤ የኮሌጅ ምዝገባዋ ደግሞ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

«ባትሪው ሞቷል፣ በቃ!» አሉ አያ ፈንቴ።

እኔ፣ የመንደሩ ብቸኛ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ቴስተሬን ሳስነካው አሥራ ሁለት ቮልት ተኩል አነበበ። ሬሳ እንዲህ አይናገርም። እንግዲህ ጉልበቱ ወደ ሞተሩ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን ብረት ፈታሁት። ውስጡ ቅቤ! እኔው ደረስኩበት።

«አያ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝገት እንዳይበላው ቀባሁታ! የገዛ ላሜ ለጋ ቅቤ ነው። ለእኔ አናት የበጀ ለባትሪ ምን ያንሰዋል?»

«አስረው ከላይ ቢቀቡት ደግ ነበር። መሃል ገብቶ ኤሌክትሪኩን ዘጋው እንጂ።»

ጠረግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ አጥብቄ አሰርኩት። ሞተሩ ባንዴ ተነሳ! ትርንጎ ሰነዶቿን በፌስታል ጠቅልላ ጀልባው ላይ ዘላ ወጣች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደወለች፤ ተመዝግባለች። ይኸው እስካሁን ደረቴን እንደነፋሁ ነኝ።

ማስተካከያ፦ ከላይ «እኔው ደረስኩበት» የተባለው እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። እኔ የሞተሩን ገመድ ሁሉ እየፈታታሁ ሳለሁ፣ «ጋሼ፣ ባትሪው ቅቤ ቅቤ ይሸታል» ያለችኝ ትርንጎ ናት። የተመዘገበችውም ለኤሌክትሪክ ሙያ ነው።