አምባዛዋ ገና ትተነፍሳለች

አባዬ፣

ጣሊያኖቹ «ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው ከደጃችን ከወሰዱህ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሬሳህን እንኳ አልሰጡኝም። መሞትህን ያወቅሁት አንድ ወታደር ጫማህን አድርጎ በኮልፌ መንገድ ሲያልፍ ሳየው ነው።

ቤታችን የእኛ አይደለም። ዓሣ አጠናለሁ የሚል ጣሊያን ገብቶበታል። በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጥካቸው ዓሦች ላይ ስምህን ፍቆ የራሱን ለጥፏል። እኔ ጓሮ ማድቤት ውስጥ አድራለሁ፤ ገረድ ነኝ ብያለሁ። የተማረ ሰው እየተለቀመ ነውና ፊደል እንደማልለይ ሆኜ ወለሉን እጠርጋለሁ። ከእንግዶቹ ጋር አንተ ባስተማርከኝ ፈረንሳይኛ ሲያወራ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ አጎነብሳለሁ።

በርሜሉ ውስጥ ያኖርካት አምባዛ አለች። ከወንዝ ስናመጣት በእርጥብ ጋቢህ ጠቅልለህ አሳቀፍከኝ፤ ሞተች ብዬ አለቀስኩ። በውኃ ውስጥ ከምትተነፍስበት ስንጥቧ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ አካል እንዳላት፣ ውኃው ሲደፈርስ ብቅ ብላ አየር እንደምትስብ ያስተማርከኝ ያን ቀን ነው። ዓሣዋ ያሳየችሽን እንጂ አንቺ የፈለግሽውን አትጻፊ ትለኝ ነበር።

ጣሊያኑ ይህን ከጻፍከው ላይ አንብቦ አላመነም። ሐበሻ ይህን ከየት ያውቃል ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ብቅ እንዳትል ከውኃው ገጽ ዝቅ አድርጎ የሽቦ ወንፊት አኖረባትና ወጣ። ሽቦውን በአፍንጫዋ ስትመታው አላስቻለኝም፤ አነሣሁላት፣ ከመመለሱ በፊትም መለስኩት። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። አሁን ሳትሞት ስላገኛት አምባዛ አየር አያሻትም ብሎ ለአገሩ ሊጽፍ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስሕተቱ ያዋርደዋል ብዬ። ኋላ ያንተ እውነት ውሸት ሊባል መሆኑን አሰብኩና ደስታዬ መረረኝ።

ነገ ከበርሜሉ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ ራሱ ሊያያት ነው፤ ወንፊቱን የማነሣላት ጊዜ አይኖርም። የጣሊያኑ አስተርጓሚ ዛሬ በር ላይ ቆሞ «አንቺ! ጌታው ነገ እንደ ሙሽራ ሊጠብቃት ነው፤ ዙሪያውን አጽጂ» ብሎ አሾፈ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና እስከ ክርኔ የረጠበውን እጅጌዬን አየ። ፊቱን አዙሮ ሄደ። ምነው በሰደበኝ።

አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ግን አንተን ሲወስዱ ጠመንጃ ደቅነው አቆሙኝ፤ ዳግመኛ ቆሜ አላይም።

ዝናቡ የቤቱን ዘቦች ከጣሪያ ሥር ሲያስገባቸው አምባዛዋን በጋቢህ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አዝዬ፣ ከቀራንዮ ሰፈር በታች ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። ካስቆሙኝ ልጄ ታማብኛለች እላለሁ። ጀርባዬ ላይ እንዳትንፈራገጥ ብቻ ጸልይልኝ። ወደዚህ ቤት አልመለስም።

ጠርሙሶቹን ይውሰዳቸው። ያስተማርከኝ እኔ ዘንድ ነው፤ እስትንፋሴ እስካለ አይጠፋም። ከተረፍኩ እውነቱን በስምህ እጽፈዋለሁ። ባልተርፍም እሷ በደፈረሰው ውኃ ላይ ብቅ እያለች ትመሰክርልሃለች።

ዝናቡ በረታ። ጋቢህን ነክሬዋለሁ።

ልጅህ