ፊቱ ያለበት ማራገቢያ

ለውድ ወንድሜ ለኤልሮይ፤ የዲትሮይት የፋብሪካ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኛ አላባማ በሙቀት ተቀቅለናል እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ፓስተር ታርቨር በፋሲካ ሳምንት በጥይት ከተገደለ ወዲህ፣ ቀብር አስፈጻሚው ለቤተ ክርስቲያናችን የሚያድለው የወረቀት ማራገቢያ ሁሉ የሱ ፊት አለበት። እሑድ ልጄ ኦዴሳ ማራገቢያዋን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እህት ፐርሊን ከኋላ፣ "አንቺ፣ ለመብታችን የሞተን ሰው ትደፊዋለሽ?" ብላ ጮኸችባት። ንድድ አለኝ!

"ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ልጄን ቢሮው ብቻዋን ሲያስቀራት የት ነበርሽ?" አልኳት።

"ኧረ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል!"

ይስማኛ!

ስንወጣ ግቢው ውስጥ እንደተለመደው ስለ ገዳዩ ክርክር ተነሳ። አንዱ መንግሥት ነው ይላል፣ ሌላው ፖሊስ፣ ሌላው እኛን ጥቁሮችን የሚያሳድዱት ነጭ ጭምብል ለባሾች። ባሌን ክሊተስን፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" ቢሉት፣ ማራገቢያውን ቦጫጭቆ ጥሎ ሄደ።

የአደን ጠመንጃው ከግድግዳው ላይ የለም። ስጠይቀው፣ "ለፋሲካ ሲመጣ ለኤልሮይ አውሼዋለሁ" አለኝ።

ለፋሲካ እንዳልመጣህ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠመንጃው አንተ ጋ እንዳለ ጻፍልኝ። ዛሬውኑ ጻፍ።

ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ።

እህትህ ቨርዲ